አዛውንት ከኦፕራሲዮን በኋላ ሲቃዡ፦ ለጎንደር አስታማሚዎች የሚሆን መመሪያ

አባታችሁ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ኦፕራሲዮን ሆኑ እንበል። ሥራው በደንብ አለቀ። በማግስቱ ሁሉንም በስማቸው እየጠሩ አነጋገሩ። በሁለተኛው ሌሊት ግን ጉሉኮሱን ነቅለው ካልተነሣሁ ይላሉ። ግድግዳው ላይ ሰው ይታያቸዋል። የገዛ ልጃቸውን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። ቤተሰቡ ይደነግጣል። አንዱ «ማደንዘዣው አናታቸው ላይ ወጣ» ይላል፤ ሌላው «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ይላል።

ይህ ሁኔታ በሕክምናው ቋንቋ ዴሊሪየም ይባላል። እብደት አይደለም። እርጅና ነው ተብሎ የሚተው ነገርም አይደለም። አካል ሲታወክ አእምሮም አብሮ በድንገት የሚታወክበት ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ይጀምራል። ከባድ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው አዛውንት ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑትን ያገኛቸዋል። የዳሌ ስብራት ከሆነ እስከ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። መልካሙ ዜና፣ ከ10 ሰው ከ3 እስከ 4 በሚሆኑት ላይ ቀድሞ መከላከል ይቻላል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሰውየውን በደንብ የሚያውቅ ሰው አልጋው አጠገብ ይበቃል። እኛ ጋ ደግሞ አስታማሚ አይጠፋም። ከዚህ በታች ያለው፣ ያ አስታማሚ ምን ቢሠራ እንደሚጠቅም ነው።

1. ሆስፒታል ከመተኛታቸው በፊት አንድ ገጽ ጻፉ

ሐኪሙ አባታችሁን የሚያያቸው ዛሬ ነው። ትናንት ምን እንደነበሩ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ጻፉት። ቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን ደርሰው ይመለሳሉ? የገበያ ሒሳብ ይይዛሉ? የልጅ ልጆቻቸውን ስም ይለያሉ? ማታ ስንት ሰዓት ይተኛሉ? በየትኛው ጆሯቸው ይሻላቸዋል? ከዚህ በፊት ትኩሳት ሲይዛቸው ወይም ኦፕራሲዮን ሲሆኑ ቃዥተው ያውቃሉ? መንገድ መሳት፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ ጀምረው ከሆነ ገመና ነው ብላችሁ አትደብቁት። ቀድሞ መርሳት የጀመረ ሰው ለዴሊሪየም በእጅጉ ይጋለጣል። ሐኪሙ ይህን ካወቀ ይጠነቀቃል።

እግረ መንገዳችሁን አንድ ነገር ሞክሩ። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ጀምረው ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ጠይቋቸው። እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ፣ ሐሙስ እያሉ እስከ ሰኞ። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ወራትን ነው ወደ ኋላ የሚያስቆጥሩት። ፊደል ላልቆጠሩ እናትና አባት ግን ቀናቱ ይቀላሉ። ይህ የሚለካው ዕውቀትን ሳይሆን ሐሳብን ሰብስቦ መያዝን ነው፤ በዴሊሪየም መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ነው። ዛሬ እንዴት እንደቆጠሩ ጻፉ። በኋላ ታመሳክሩበታላችሁ።

መድኃኒቶቻቸውን በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የግፊቱን፣ የስኳሩን፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውን፣ የቤት መድኃኒቱንም ጭምር። በተለይ የእንቅልፍ ክኒን፣ እንደ ዲያዜፓም ያለ ማረጋጊያ፣ አሚትሪፕቲሊን፣ እንቅልፍ የሚያመጣ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒት ካለ ተናገሩ። እነዚህ የአዛውንትን አእምሮ ያደናግራሉ። ለረጅም ጊዜ የወሰዱትን ግን በራሳችሁ አታስቁሙ። በድንገት ማቆምም ራሱ ሊያቃዥ ይችላል።

ስለ አረቄና ጠላ እውነቱን ተናገሩ። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሆስፒታል ገብቶ በድንገት ሲያቆም፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ ሊቃዥ ይችላል። ይህ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ነው፤ ሕክምናውም ከሌላው ዴሊሪየም የተለየ ነው። «የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ እንዴት ይህን እናገራለሁ» ማለት እሳቸውን አይጠቅማቸውም።

2. የማደንዘዣ ባለሙያውን አነጋግሩ

ቤተሰብ ሁልጊዜ የሚፈልገው ሰርጂኑን ነው። የማደንዘዣ ባለሙያውን፣ አንስቴቲስቱን፣ የሚያናግር የለም። እሱ ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት በሽተኛውን ያያል፣ ይጠይቃል። ያኔ የጻፋችሁትን ገጽ ስጡት። «ዕድሜያቸው ይህን ያህል ነው፣ መቃዠት እንዳይመጣ እንሰጋለን፤ የሚያደናግር መድኃኒት መቀነስ ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ብዙ ሰው «በወገብ የሚሰጠው ይሻላል፣ ሙሉ ማደንዘዣ ነው የሚያቃዥ» ብሎ ያምናል። በአሜሪካና በካናዳ የተደረገ ሪጌይን የሚባል ጥናት 1,600 የዳሌ ስብራት ታካሚዎችን አወዳድሯል፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በቻይናም ራጋ የሚባል ጥናት 950 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2022 ወጥቷል። ሁለቱም በወገብና በሙሉ ማደንዘዣ መካከል በመቃዠት ረገድ የጎላ ልዩነት አላገኙም። ስለዚህ ምርጫውን ለባለሙያው ተዉለት። ጉልበታችሁን ከዚያ በኋላ ላሉት ቀናት አቆዩት።

ስለ ምግብና ውኃ ግን በሰዓት ጠይቁ። በተለመደው የማደንዘዣ መመሪያ ቀላል ምግብ የሚቋረጠው ማደንዘዣው ሊሰጥ 6 ሰዓት ሲቀረው ነው፤ ንጹሕ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ወይም የሆድ ችግር ሲኖር ይለያያል። እንዲያው በግምት ከማታ ጀምሮ ውኃ ከልክላችሁ፣ ተራው ወደ ከሰዓት ሲገፋ አዛውንቱ ደርቀው ነው የሚገቡት። የውኃ ጥም ራሱ ያቃዣል። ተራው ከዘገየ ተረኛ ነርሷን «ውኃ እንስጣቸው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ ግን አትስጡ።

ቀጠሮው ዐቢይ ጾም ላይ ካረፈ ቀደም ብላችሁ የነፍስ አባታቸውን አማክሩ። ለሳምንታት በቀን አንዴ ብቻ ቀምሰው የከረሙ እናት አቅም የላቸውም። ለታመመ ሰው ቀለል ማድረግ ደግሞ የተለመደ ነው። ልጅ ከሚነግራቸው ይልቅ ቄሱ ቢነግሯቸው ይሰማሉ።

3. ይዛችሁ የምትገቡት

መነጽር። የጆሮ ማዳመጫ ካላቸው ከነባትሪው። ሰው ሠራሽ ጥርስ። ከዘራ። የማያንሸራትት ጫማ። የራሳቸው ጋቢ። ቁጥሩ ጎላ ያለ ሰዓት። በዓላት የተጻፉበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ። የሚያነቡ ከሆነ ዳዊታቸው ወይም ቁርኣናቸው። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገቡ መነጽሩንና ጥርሱን ተቀብላችሁ ያዙ፤ እንደወጡ መልሱላቸው። የማያይና የማይሰማ ሰው በማያውቀው ክፍል ውስጥ ቢደናገር አይገርምም።

4. ቀኑን እንዴት ትውላላችሁ

ከማደንዘዣ ሲነቁ ለተወሰነ ሰዓት ማንቀላፋትና መለፍለፍ ያለ ነው። የሚያሳስበው ከነቁ በኋላ የቀጠለው ወይም ደህና ከሆኑ በኋላ የመጣው ነው።

በየጥቂት ሰዓቱ ያሉበትን ንገሯቸው። ፈተና አታድርጉት፤ በወሬ መሐል ጣል አድርጉት። «አባባ፣ ነጋ እኮ። ዛሬ 12 ነው፣ ሚካኤል። ጎንደር ሆስፒታል ነው ያለነው፤ እግርዎን ሠርተውልዎታል።» ለእኛ አዛውንት ከ«ማክሰኞ» ይልቅ «ሚካኤል ነው»፣ «ነገ ማርያም ናት» የሚለው ይቀርባቸዋል። ለሙስሊም አዛውንት አዛኑ ራሱ ሰዓት ነው። «አሁን ዙህር ነው» በሏቸው።

መጋረጃውን ክፈቱ። ሐኪሙ ከፈቀደ በማግስቱ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ሲል ይራመዱ። ውኃ በትንሽ በትንሹ አቅርቡ። አጥሚት፣ ሾርባ፣ የለመዱትን ሁሉ ከቤት አምጡ። ለምግብ ቀና ብለው ይቀመጡ፤ ተኝተው ሲበሉ ትን ይላቸዋል። ሽንት ወጥቷል ወይ? ሆድ ሄዷል ወይ? የታፈነ ሽንትና ድርቀት ሰውን ያቃዣሉ፤ ብዙ ሰው ይህን አይጠረጥርም። የሽንት ቱቦ ካለ በየቀኑ «ዛሬ ይውጣ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሕመምን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዛውንቶቻችንን «እንዴት አደሩ?» ብትሏቸው መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። እግራቸው እየነደደም ቢሆን። ነርሷም «ደህና ናቸው» ብላ ታልፋለች። ስለዚህ ለይታችሁ ጠይቁ፦ «ሲገላበጡ ያመዎታል? ሲያስልዎትስ?» ፊታቸውን እዩ፤ ጥርሳቸውን ነክሰው እንደሆነ ተመልከቱ። ያልታከመ ሕመም ያቃዣል። ጠንካራ ማስታገሻ ሲበዛም ያቃዣል። ፔቲዲን በተለይ ለአዛውንት አይመከርም፤ ትራማዶልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፓራሲታሞል በታዘዘለት ሰዓት ሳይቋረጥ ቢሰጥ የጠንካራውን መጠን መቀነስ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ጠያቂ መምጣቱ ፍቅር ነው፤ ግን በአንዴ ዐሥር ሰው አልጋውን ከቦ ሲያወራ አዛውንቱ ይደክማሉ፣ ይምታታባቸዋል። ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ። ከደባርቅ ወይም ከበለሳ ድረስ ለመጣ ዘመድ «አትግባ» ማለት ከባድ ነው፤ ውጭ ያለው አስታማሚ ተራ ያስይዝ።

ይህ ሁሉ ተራ ነገር መስሎ ከታያችሁ አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሻሮን ኢኖዬ የምትባል አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቿ በውስጥ ደዌ ክፍል የተኙ፣ ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ የሆነ 852 ሰዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ያደረጉላቸው ማነጋገር፣ ማስታወስ፣ ማራመድ፣ ማታ ያለ ክኒን እንዲተኙ መርዳት፣ መነጽርና የጆሮ ማዳመጫ ማቅረብ፣ ውኃ ማጠጣት ነው። ዴሊሪየም የያዛቸው ሰዎች ከ15 በመቶ ወደ 9.9 በመቶ ወረዱ። በኋላ ላይ ይኸው አሠራር ለቀዶ ሕክምና ታካሚዎችም ውሏል። እናት ቤት ውስጥ የምታደርገው ዓይነት እንክብካቤ ነው፤ ልዩነቱ በሥርዓት መደረጉ ነው።

5. ሌሊቱ

ቡና የለመዱ ሰው ሐኪሙ ከፈቀደ ጠዋት ይጠጡ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ይቅር። ማታ መብራቱ ይቀነስ፤ ስልካችሁ ድምፁ ይጥፋ። አንሶላ ሥር ሆነው የአስታማሚ ወሬ መስማት የለባቸውም። ጀርባቸውን ማሻሸት፣ ሞቅ ያለ የሚጠጣ ነገር መስጠት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ዳዊት ማንበብ ከክኒን ይሻላል። አልተኙም ብላችሁ ከውጭ ፋርማሲ የእንቅልፍ መድኃኒት ገዝታችሁ እንዳትሰጡ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው።

የሚያድረው በተቻለ መጠን ያው አንድ ሰው ይሁን፤ ወይ ሁለት ሰው በፈረቃ። በየሌሊቱ አዲስ ፊት ከመጣ፣ ትናንት ማታ እንዴት እንደነበሩ የሚናገር አይኖርም።

6. ስትጠራጠሩ

ዴሊሪየም በዋናነት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የሚጮኸው፣ የሚታገለው ነው። እሱን ሁሉም ያየዋል። ሁለተኛው ዝም የሚለው ነው። ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ፤ ሲጠሯቸው ቀስ ብለው ዓይናቸውን ይከፍታሉ፤ ምግብ አፋቸው ውስጥ ይቀራል፤ ንግግር ጀምረው ይተዉታል። ቤተሰቡ «እፎይ፣ ዛሬስ ተረጋጉ» ይላል። አልተረጋጉም። ይህኛው በአዛውንት ላይ የበዛ ነው፤ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ሳይታወቅ ስለሚቆይም ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

«ደህና ነዎት?» ብሎ መጠየቅ እዚህ አይሠራም። የሚቃዥ ሰውም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?» ብሎ በወጉ ሊመልስ ይችላል። ሰላምታ ከሁሉ በኋላ የሚጠፋ ነገር ነው። ይልቅ ቀናቱን ወደ ኋላ አስቆጥሯቸው። ቀድሞ እስከ ሰኞ የደረሱ ሰው አሁን ቅዳሜ ላይ ከቆሙ ወይም ሌላ ወሬ ከጀመሩ ምልክት ነው።

ሌላው ጠባዩ መዋዠቅ ነው። ጠዋት ደህና፣ ማታ ሌላ ሰው። ሐኪሞች ጠዋት ዙር ሲመጡ አባታችሁ ጎበዝ ሆነው ይጠብቋቸዋል። ማታ ያያችሁትን ብትናገሩ «አሁን እኮ ደህና ናቸው» ልትባሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ በሰዓት ጻፉ። «ማታ 3 ሰዓት፦ ከብት ይታየኛል አሉ። ሌሊት 8 ሰዓት፦ ቱቦውን ጎተቱ። ንጋት 12 ሰዓት፦ ስሜን አወቁ።» ይህች ማስታወሻ በሐኪም እጅ ትልቅ ማስረጃ ናት።

ለነርሷ እንዲህ በሏት፦ «ሲስተር፣ አባቴ እስከ ትናንት ቀን ሁሉንም ያውቁ ነበር። ከማታ 2 ሰዓት ጀምሮ ግን ያሉበትን አያውቁም። ዴሊሪየም እንዳይሆን፣ መንስኤውን እዩልን።» መንስኤ የሚለውን አትርሱ። መታየት ያለባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ ኦክስጅን፣ ስኳር፣ ትኩሳትና ኢንፌክሽን (የቁስሉ፣ የሳንባው፣ የሽንቱ)፣ የውኃና የጨው መጠን፣ ደም ማነስ፣ የታፈነ ሽንት፣ ድርቀት፣ ሕመም፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት። ከመተማ፣ ከቋራ ወይም ከደምቢያ ለመጣ፣ ትኩሳት ላለው ሰው የወባ ምርመራ ይጠየቅ። ፊታቸው በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከሰነፈ፣ ወይም ጭራሽ አልነቃ ካሉ ደግሞ ስትሮክ ወይም ሌላ ድንገተኛ ነገር ሊሆን ይችላልና ወዲያው ጩኹ።

7. ሲቃዡ እንዴት ታናግሯቸዋላችሁ

አትከራከሩ። አትሳቁባቸው። በስልክ አትቅረጿቸው። «ከብቶቹን ማን ያስገባቸው? ልቀቁኝ!» ካሉ፣ «የምን ከብት!» አትበሉ። እጃቸውን ይዛችሁ፣ ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ ባጭሩ፦ «ከብቶቹ ገብተዋል፤ ታላቅ ልጅዎ ቤት ነው። እርስዎ ጎንደር ነዎት፣ ሕክምና ላይ። እኔ እዚህ ነኝ።» ግድግዳው ላይ ሰው አለ ካሉ፣ «አለ» ብላችሁ አታጽኑ፤ «እኔ አይታየኝም፤ ግን አብሬዎት ነኝ» በሉ። ፍርሃቱ ለእሳቸው እውነተኛ ነው።

እጅ በፋሻ አልጋ ላይ ማሰር ይብሳል። ያስደነግጣል፣ ያቆስላል፣ መቃዠቱን ያባብሳል። አልጋው ዝቅ ይበል፣ ሰው አጠገብ ይሁን፣ የጉሉኮሱ ቱቦ በጋቢ ይሸፈን። ለራሳቸው ወይም ለሌላ አደጋ ከሆኑ ሐኪሙ ለጊዜው ትንሽ መጠን ማረጋጊያ ሊያዝ ይችላል፤ መንስኤውን ግን እሱ አያድንም።

ጠበል የሚፈልግ ቤተሰብ ብዙ ነው። እምነታቸው ነው፤ መጽናኛም ነው። ቁስሉን ሳይነካ በግንባር ላይ ቢቀቡ የሚከለክል ያለ አይመስለኝም። ሊጠጡ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪሙ ይጠየቅ፤ ትን ሊላቸው ወይም ገና ያልተፈቀደላቸው ሊሆን ይችላል። ከአልጋ አውጥቶ ጠበል ቦታ መውሰድ፣ ሕክምናውንም ማቋረጥ ግን የሳንባ ምቹን ወይም የቁስሉን ኢንፌክሽን ጊዜ መስጠት ነው።

በዚህ ሰሞን ኑዛዜ፣ የመሬት ወረቀት፣ የባንክ ፊርማ የሚባል ነገር አይቅረብላቸው። ጠዋት ደህና ቢመስሉም። ይቆይ።

8. ቤት ከገቡ በኋላ

ብዙ ቤተሰብ ከሆስፒታል ሲወጡ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በብዙ ሰው ላይ በቀናት ውስጥ ይለቃል፤ በአንዳንዱ ግን ሳምንታትና ወራት ይጎትታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን፣ ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ የሆነ 225 ሰዎች ተከታትሏል። በ6 ወር፣ ዴሊሪየም ከነበራቸው 40 በመቶው አእምሯቸው ወደ ቀድሞው አልተመለሰም ነበር። ካልነበራቸው ሰዎች ያልተመለሱት 24 በመቶ ናቸው። ዴሊሪየም የያዘው ሰው በኋላ ራሱን ችሎ መንቀሳቀስ የመቸገር፣ የመርሳት ሕመም የመያዝ ዕድሉም ከፍ ይላል። ስለዚህ ለግማሽ ዓመት ዓይናችሁን አትንቀሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መድኃኒቱን አንድ ሰው ይያዝ። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ማታ ፖፖ ይቅረብ፤ መንገዱ ላይ መብራት ይኑር።

ከዚያ በኋላ የሚሳሳተው ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የሚሳሳተውም ከፍቅር የተነሣ ነው። «አይድከሙ፣ ይቀመጡ» እያለ ሥራውን ሁሉ ይቀማቸዋል። እናት ቡናዋን ራሷ ቆልታ የምታፈላ ከነበረች ቀስ በቀስ ትመለስበት፤ መጀመሪያ ትልቀም፣ ከዚያ ትቁላ። አባት ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ከነበር፣ መጀመሪያ እስከ በር፣ ከዚያ እስከ መንገዱ ጥግ፣ ሰው ይዞ። ሽማግሌ ሆነው ነገር ያዩ ከነበር ጎረቤት እየመጣ ያማክራቸው። ኑሮ የሚባለው እሱ ነው። አጥንቱ ገጥሞ ሰውየው ጥግ ይዘው ከቀሩ፣ ኦፕራሲዮኑ ግማሽ ሥራ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ብዙዎቹ የሆነውን በከፊል ያስታውሳሉ፤ ያፍራሉ። ልጃቸውን መስደባቸው ትዝ ይላቸዋል፤ ወይም ሊያብዱ እንደሆነ ይፈራሉ። ሰው ባልበዛበት ጊዜ ንገሯቸው፦ «ሕመሙ ነው ያናገርዎት። ብዙ ሰው ያጋጥመዋል። ማንም አልተቀየመም።» ይህን ሳይሰሙ ወራት የሚቆዩ አሉ። ምግብ ካስጠላቸው፣ ሰው ማየት ካልፈለጉ፣ «ምን አለ በሞትኩ» ካሉ ግን ድብርት ሊሆን ስለሚችል ይታዩ።

በአንድ ወር፣ በሦስት ወር፣ በስድስት ወር ያን የመጀመሪያውን ገጽ አውጡ። ቀናቱን አስቆጥሩ። ሒሳብ ይይዛሉ? ብቻቸውን ይለብሳሉ? በሦስት ወር ከቀድሞው በግልጽ ወደ ኋላ ከቀሩ ለክትትል ውሰዷቸው፤ ዓይንና ጆሯቸውም አብሮ ይታይ። ቤት ሆነው በድንገት እንደገና ከተደናገሩ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ኢንፌክሽን ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላልና የዚያኑ ቀን ሂዱ።

አስታማሚውንም እዩት። ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ለሳምንታት ያልተኛች። ሌሊቱን በተራ ተካፈሉ፤ ገንዘብ የላከ ወንድም ተራውን አላደረሰም።

በመጨረሻ፣ ከሆስፒታል ስትወጡ በሚሰጣችሁ የሕክምና ማጠቃለያ ላይ «ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዴሊሪየም ነበረባቸው» የሚል እንዲጻፍ ጠይቁ። አንዴ የያዘው ሰው ሁለተኛም ሊይዘው ይችላል። ወረቀቱን ከቀበሌ መታወቂያቸው ጋር አስቀምጡት፤ ነገ ለዓይን ሞራም ሆነ ለሌላ ኦፕራሲዮን ሲገቡ፣ አንስቴቲስቱ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሁን።